በጭነት መኪና የመጣው መዝገብ

ታላቅ እህቴ የግብርና አማካሪ መሆኗን ከሰው ሁሉ መጨረሻ ያወቀችው ራሷ ናት። ገበሬው «ዘንድሮ ምን ልዝራ?» እያለ ደጇን ሲያንኳኳ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። እሷ ግን ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «የዘር መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ» ትላለች። መጋዘኑ ከተዘጋ እኮ ቆየ! ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኔ አናጢ ነኝ። ወንበር ሠርቼ «እንጨት ስነካካ ነበር» አልልም፤ ወንበር ሠራሁ ነው የምለው። ቤተሰቡ እኔን «ክብሪት» የሚለኝ እንዲህ ቶሎ ስለምጫር ነው። እሷን ደግሞ ገበሬዎቹ «እትዬ ቀለም» ይሏታል።

መጋዘኑ የቀጠራት ዘር እንድትለቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ስንዴውን ከእንክርዳድ፣ ደህናውን ባቄላ ከነቀዘው ስትለይ የመጋዘኑ ኃላፊ ዓይኗን አየና ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ላካት። ሠርተፍኬቷን ይዛ ስትመለስ ገበሬ ማማከር ጀመረች። መጋዘኑ ሲዘጋ ሌሎቹ ሠራተኞች ሌላ ሥራ ፍለጋ ተበተኑ፤ እሷ ግን በማግስቱ እንደ ልማዷ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወደ ማሳ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ ምክሯን በወረቀት ጽፋ ትሰጥ ነበር። ወረቀቱን አንዱ ቤት እሳት ይለኩሱበታል፣ ሌላው ቤት አይጥ ይቆረጥመዋል፣ ሦስተኛው ቤት ምስማር ይጠቀለልበታል። እህቴ ሰው በየቀኑ ሳያይ የማያልፈው ምን እንደሆነ ስታስብ ከረመችና የእህል ቤት በር ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ነጭ የዘይት ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ከቦርሳዋ ተለይተው አያውቁም። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ቀኑን፣ የማሳውን ስም፣ የዘሩን ዓይነት፣ ምን እንደመከረች ትጽፋለች። ሰብሉ ሲነሣ ተመልሳ ምን እንደሆነ ከሥሩ ትጨምራለች። ገበሬው አውራ ጣቱን በቀለሙ ነክሮ ይጫንበታል። የገበሬዎቹን በር የሠራሁት እኔ ነኝና፣ በላቤ ያለሰለስኩትን በር አበላሸሽብኝ እያልኩ ስንት ዓመት ተጣላኋት። «በርህ ከማማር ውጭ ምን ሥራ ነበረው?» ትለኛለች።

አምና አዲስ መመሪያ ወጣ። ከተወሰነው ቀን በኋላ ያለ ሙያ ፈቃድ ገበሬ የሚያማክር ሁሉ በሕግ ይጠየቃል። እኔ ገና ርእሱን አንብቤ ነደድኩ። እህቴ ግን እስከ መጨረሻው አነበበችና «ጥሩ ሕግ ነው» አለች።

«ምኑ ነው ጥሩው?»

«ማንም እየተነሣ የማያውቀውን መርዝ ሲያስረጭ አላየህም? ሐኪም ያለ ፈቃድ አያክምም። አፈር ከሰው በምን ያንሳል?»

ሕጉን ትወደው እንጂ ሕጉ እሷን ይወዳት እንደሆነ አላወቅንም ነበር። ለሁሉም የጽሑፍና የመስክ ፈተና አለ፤ ከዚያ በላይ ዲፕሎማ ይጠይቃል። ዲፕሎማ የሌለው ሰው በዲፕሎማው ፈንታ ቢያንስ አሥር ዓመት መሥራቱን የሚያሳይ የምክር መዝገብ ያቀርባል። ያንን ካላሟላ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበትን ሥራ ትቶ ቤቱ ይቀመጣል።

ለጽሑፍ ፈተናው ከልጆች ጋር ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረው ጎረምሳ «ማዘር፣ ልጅዎን ሊያደርሱ ነው?» ብሏት ነበር። ከመቶ ሰማንያ አራት አመጣች። በመስክ ፈተናው ቢጫ የሆነ የበቆሎ ማሳ አሳይተው ምን ማዳበሪያ እንደጎደለው ጠየቋት። ሌሎቹ ተፈታኞች የማዳበሪያ ስም ሲደረድሩ እሷ ዶማ ጠየቀች። ቆፍራ የታፈነውን ሥር አወጣችና «ማዳበሪያ አይደለም የጎደለው፤ ውኃ ተኝቶበታል። ቦይ ቆፍሩለት» አለች። አለፈች። እኔ ያን ቀን ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት መዝገቧን ልታስመዘግብ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ባዶ እጇን ሄደች። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ከኮምፒዩተሩ ቀና አላለም።

«ፋይልዎ የታለ?»

«በር ላይ ነው ያለው።»

«በር ላይ ማን ያዘብዎት? ጥበቃው ነው?»

«አይደለም። የገበሬዎቹ በር ላይ ነው የጻፍኩት።»

አሁን ቀና አለ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። «እናቴ፣ ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አላት። «መመሪያው በጽሑፍ የተያዘ፣ ቀን ያለው፣ የተመካሪው ፊርማ ያረፈበት ይላል።»

«ሁሉም አለው።»

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ያምጡታ!»

ይህን ስትነግረኝ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። እናታችን ስትሞት እንኳ እንዲያ ስትቀመጥ አላየኋትም፤ ሁልጊዜ እጇ የሚሠራው አያጣም። «በቃ» አለች። «ሌላ ሥራ ባልችልም ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።» እኔ ሳዝን የምናደድ ሰው ነኝ።

«አምጪ አይደል ያለሽ?»

«አዎ።»

«እናመጣለታለና!»

«ምኑን?»

«በሮቹን ነዋ! እኔ የሰቀልኩትን በር እኔ ማውረድ ያቅተኛል?»

አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የተጻፈባቸውን በሮች ቆጠርን፤ አሥራ አንድ ናቸው። ገበሬዎቹን ማስፈቀድ ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያዋ ባለቤት፣ ስንዴ አምራቿ ባልቴት፣ ነገሩን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀችም። እህሏን ከደጃፉ ፈቀቅ አደረገች፣ በበሩ ፈንታ የምትሰቅለውን ሸራ አወጣችና «ምን ቆመሃል፣ ፍታው እንጂ» አለችኝ። ማክሰኞና ረቡዕን በካቻቢቴ ዋልኩ። ዝገት የበላው ብሎን ሲያስቸግረኝ እሰድባለሁ፤ ለካ ራሴ ነኝ ዘይት ሳልቀባ ያሰርኩት።

ችግሩ ያለው አሥራ አንደኛው በር ላይ ነበር። ባለቤቱ ድንች የሚያመርቱ፣ ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌ ናቸው። በሩን ፈትቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አየሁ፤ ቀኑ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በከረጢቱ ላይ የተመረመረ ዘር ይላል ብዬ፣ ፍሬውን ሰንጥቄ ሳላይ አስተከልኩ። ግማሹ ማሳ በሰበሰ። ከእንግዲህ ከየከረጢቱ አሥር ፍሬ ሳይሰነጠቅ አይተከልም።»

ከሥሩ የእህቴ ስም፣ ከጎኑ የሽማግሌው አውራ ጣት።

እህቴን ወደ ጥግ ጎተትኳት። «እትዬ፣ ይሄ ይቅር። አለበለዚያም መላጊያዬ እዚሁ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሁለቴ ባስኬደው ያልቃል።»

«አይነካም።»

«እነዚህ ሰዎች እኮ ስህተት ሲፈልጉ ነው የሚውሉት!»

«ይፈልጋሉ፣ ያገኙታል።»

«አሥሩ በር ይበቃል! ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ስማ አንተ ክብሪት፤ እሱን ከላጥከው የቀሩትን አሥሩንም ላጣቸው። የሚያኮራውን ብቻ ለቅመን ከሄድን ምኑ መዝገብ ሆነ?»

ተሰዳድበን አናውቅም፤ ያን ቀን ግን ለጥቂት ነው። በመጨረሻ በሩን በተከራየነው የጭነት መኪና ላይ ጫንኩት። ጫንኩት እንጂ ልቤ አልጫነውም። ተጽፎ የተቀመጠ ጥፋት ይዞ ፈቃድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት የጭነት መኪናው በሮቹን ይዞ፣ ገበሬዎቹም በሮቻቸው ላይ ተቀምጠው መሥሪያ ቤቱ ደረስን። ጥበቃው መኪናውን ዞሮ አየ።

«ይሄ ሁሉ በር ለየትኛው ቢሮ ነው?»

«በር አይደለም፣ ፋይል ነው» አልኩት። «ገጾቹ ብቻ ትንሽ ወፈር ይላሉ።»

የሦስተኛው መስኮት ጸሐፊ ወጥቶ ሲያየን አፉን ይዞ ቀረ። የሚያስገባበት መደርደሪያ ስለሌለው ግቢው ውስጥ በአጥሩ ላይ ተራ በተራ አስደገፍናቸው። ሦስቱ የፈቃድ ኮሚቴ አባላትም ወረዱ። ሰብሳቢዋ ዕድሜያቸውን በአፈር ምርመራ የጨረሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ሁለተኛው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ነበር።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው በር ጀመሩ። ከታች የተጻፈውን ለማንበብ ተንበረከኩ፤ ቀሚሳቸው አቧራ ሲነካ ግድ አልሰጣቸውም። «ይህን ዓመት አስታውሰዋለሁ፣ ዝናቡ ቀድሞ የወጣበት ነው» እያሉ ለራሳቸው ያወራሉ። አራተኛው በር ላይ ፈገግ አሉ። እኔ የቀሩትን በሮች ስቆጥር አሥራ አንደኛው ጋ ደረሱ። አነበቡት። ድጋሚ አነበቡት። የሕግ ባለሙያውን በእጃቸው ጠሩት።

«ይሄማ በገዛ እጇ የጻፈችው የጥፋት ማመኛ ነው» አለ። «ገበሬ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ፈቃድ ሊከለከል እንደሚችል መመሪያው ላይ አለ።»

አለቀልን አልኩ። መላጊያዬን አስቤ እህቴን በዓይኔ ገረፍኳት። እሷ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ለምን ጻፉት?» አሏት ሰብሳቢዋ።

«እንዳልረሳው ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸውን ሰነፍ ስለሆኑ ነው የበሰበሰባቸው ይላቸው ነበር። የእኔ ጥፋት መሆኑን እህል ቤቱ የገባ ሁሉ እንዲያነብ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ፊት መጡ። «እኔን ብዙ ሰው መክሮኛል» አሉ። «ሰብሉ ሲያምር በነሱ ምክር ነው፣ ሲበላሽ በእኔ ስንፍና። እሷ ብቻ ናት ማሳዬ በበሰበሰ ማግስት ደጄ የመጣችው። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ አንድ ድንች አልቀበርኩም።»

ሰብሳቢዋ ዞር አሉና ጸሐፊውን እንደ እሷ መዝገብ ያቀረቡትን የሌሎቹን አመልካቾች ፋይል እንዲያመጣ ላኩት። አርባ ሦስት ፋይል በሁለት ምልልስ ተሸክሞ አመጣ፤ ሁሉም የታሰረ፣ የተጠረዘ፣ የሚያብረቀርቅ ነው።

«እነዚህ ውስጥ የተሳሳተ ምክር ስንት አለ?»

ጸሐፊው ራሱን አከከ። «እኔ ነኝ የመዘገብኳቸው። አንድም የለም።»

«አርባ ሦስት ሰው፣ አሥር አሥር ዓመት፣ አንድም ስህተት የለም!» አሉ ሰብሳቢዋ። «እኔ በሙያዬ ስንቴ እንደተሳሳትኩ ብነግራችሁ ቤቴ ትሸኙኛላችሁ።»

የሕግ ባለሙያው ብቻውን ወደ በሮቹ ተመለሰና ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ የተጻፈውን ብቻ እየመረጠ ማንበብ ጀመረ። ድንች በተተከለበት ሁሉ አንድ መስመር አለ፤ «ከየከረጢቱ አሥር ፍሬ ተሰነጠቀ፣ ንጹሕ ነው።» አንዱ በር ላይ ደግሞ «ተሰነጠቀ፣ ታሟል፣ ከረጢቱ ተመለሰ» ይላል። በጣቱ እየቆጠረ መጨረሻው ድረስ ሄደ። ሲመለስ ኪሱን ዳበሰና እስክሪብቶውን አወጣ።

«የት ነው የምፈርመው?» አለ።

ግቢው ተናወጠ። ባልቴቷ እህቴን ከመሬት ልታነሣት ምንም አልቀራት። እኔ? እኔ ክብሪቱ እያለቀስኩ ቆምኩ፤ ደግሞም አላፈርኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ፤ ያን ቀን ሲጠራ በዓይኔ አየሁት። ያ አሥራ አንደኛው በር እኔ እንዳልኩት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እህቴ አርባ አራተኛዋ እንከን የለሽ ሆና ትሰለፍ ነበር።

መመሪያው የመዝገቡ ገጽ ሁሉ ማኅተም ይረፍበት ስለሚል ጸሐፊው ማኅተሙን ይዞ ከበር በር ዞረ። እንጨት ላይ አልታተም እያለ አስቸገረው፤ በሁለት እጁ ነበር የሚጫነው። ከዚያ ሰብሳቢዋ ፈቃዱን ሰጧት። ካርዱ ላይ ስሟ፣ ከሥሩ ደግሞ «የግብርና አማካሪ» ይላል። እህቴ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው። ሥራዋን በስሙ ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በሁለተኛው ወር መሥሪያ ቤቱ ቅጹን አሻሻለ። ከሁሉም አመልካች አሁን አንድ ተጨማሪ ገጽ ይጠየቃል፤ አርእስቱ «የተሳሳተ ምክርና የተወሰደ እርምት» ይላል። አርባ ሦስቱም ፋይሎች በዚሁ ምክንያት ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ባለ ዲፕሎማዎቹም፣ ያ «ማዘር» ያላት ጎረምሳ ሳይቀር፣ ባዶውን ገጽ ይዘው እህቴ ቤት ይመጣሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚሞላው?» ይሏታል።

እህቴ ወንበር ታቀርብላቸዋለች፣ እስክሪብቶም ትሰጣቸዋለች። «'እኔ' ብለህ ጀምር» ትላለች። «ሌላው ራሱ ይመጣል።»