ጎጎን ያስለቀሰው መጽሐፍ

ካርቶኑ የናፍታሊንና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ይዞ ነው የመጣው። እናቴ ሜይፌር ከሚባለው ሰፈሯ ድረስ ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አምጥታ፣ "ለልጅ ልጄ ያስቀመጥኩት ነው" ብላ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ልጄ በመጪው ዓመት ሃይስኩል ትጀምራለች፤ ቤት ውስጥ ላስተምራት ወስኛለሁ። ሒሳቡና ሳይንሱ ከተመረጠ ሰነበተ፤ የቀረው ታሪክ ነው። እሱን መምረጥ እንዳቃተኝ ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ "ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው!" አለችና ዘጋችው። የካርቶኑን ፕላስተር በቢላ ስሰነጥቀው ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። እኔም በቆምኩበት በሃፍረት እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የአባቴ ሱቅ ሶዌቶ ውስጥ፣ የአንዲት አሮጊት ጋራዥ ነበር። ስፓዛ ይሉታል እዚያ፤ ዳቦውም፣ ስኳሩም፣ የስልክ ካርዱም በብረት ፍርግርግ መካከል እየተሰጠ የሚሸጥበት ሱቅ። አሮጊቷን ሰፈሩ በሙሉ ጎጎ ይላቸዋል፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። እኛም ጎጎ አልናቸው። ሕዝቡ በመጤዎች ላይ ተነስቶ ሱቁ የተዘረፈ ቀን ጎጎ እኔንና እናቴን መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቆልፈውብን፣ በቤት ጫማቸው ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ውጪ ያ ሁሉ ጩኸትና የጠርሙስ ድምፅ እያለ የእሳቸው ድምፅ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር። "መጀመሪያ እኔን!" ነበር የሚሉት። ስንወጣ ዕቃው ተወስዶ፣ የቀረው ተቃጥሎ፣ የጋራዡ ግድግዳ ጠቁሮ አገኘነው።

ከዚያ ወዲያ ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ገባን። አባቴ የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። እናቴ ደግሞ ታክሲ ተሳፍሬ ትምህርት ቤት መሄዴን ጨርሳ ከለከለች፤ "ሰላም እስኪሆን" አለች፣ ሰላሙ መቼ እንደሚሆን ግን የሚነግራት አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት አንዲት ሴት ልጆቿን ቤት ውስጥ ታስተምር ነበርና እሷ አጽናናቻት። "ሆምስኩል እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው? መጽሐፉን መርጦ መግዛት ብቻ ነው" አለቻት።

መምረጡ ነው ጉዱ። አባቴ፣ "ሒሳብ የትም ቢሄዱ ያው ሒሳብ ነው፤ ታሪኩን ግን የዚህን አገር ትማር። እንጀራችን ያለው እዚህ ነው" አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የታሪክ መጽሐፍም ከሆነ ቦታ ተውሶ አመጣው። እናቴ እንግሊዝኛ እንደ ነገሩ ነው የምትሰማው፤ ሥዕል ግን ታነባለች። መጽሐፉን ገለጠችው። የሚቃጠል ጎማ አለ። ድንጋይ ይዘው የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ጭስ አለ። ዘግታ ለአባቴ መለሰችለት።

"እሳቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደግሞ በመጽሐፍ ላስተምራት?"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ አባቴም አልተከራከራትም።

የመረጠችው ሌላውን ነው። ወደ አውስትራሊያ ሊሄዱ ዕቃቸውን የሚሸጡ ነጮች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ቤት ያስተማሩበትን መጽሐፍ ሁሉ በካርቶን አድርገው ሸጡልን። ገና ድሮ የታተሙ፣ በላስቲክ የተሸፈኑ፣ ሽፋናቸው ላይ የወርቅ መስቀል ያለባቸው ናቸው። "ክርስቲያን" የምትለዋን ቃል እናቴ በእንግሊዝኛም ታነባታለች። ውስጡ መርከብ አለ፣ አረንጓዴ ኮረብታ አለ፣ በሬ የሚስበው ሠረገላ አለ፣ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ። ገጾቹን በመዳፏ እየዳበሰች፣ "ይሄ ነው። ጸጥ ያለ ታሪክ" አለች።

ጸጥ ያለ ታሪኬን ይዤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የጠረጴዛውን ላስቲክ ታሞቀዋለች፤ ሃዴዳ የሚሏቸው ወፎች ጣሪያው ላይ ሆነው የተሰደቡ ይመስል ይንጫጫሉ። የሮማውያንን ታሪክ ጨረስኩ፣ ወደ አውሮፓ ነገሥታት ገባሁ። ስለምንኖርበት አገር የሚያወራው ክፍል ከመጨረሻው ነበርና አልደረስኩበትም።

ፋሲካ ደረሰ። እናቴና አባቴ ጎጎን ምሳ ጋበዟቸው። ሕይወታችንን ላተረፉልን ምስጋና ነው፤ ደግሞም አባቴ ጋራዡን መልሰው እንዲያከራዩት ሊለምናቸው ነበር። እሳቸው እምቢ ካሉ ዕድሜ ልኩን የሰው ሱቅ ጠባቂ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጎረቤቶቻቸው "መጤ መልሰሽ እንዳታስገቢ" እያሉ እንደሚያስቸግሯቸው ሰምተናል። ጎጎ በኮፍያና በወፍራም ካፖርት ሆነው፣ የጋገሩትን ስኮን የሚባል ትንንሽ ዳቦ በቆርቆሮ ሣጥን ይዘው መጡ። ካፖርታቸው ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። እናቴ በርበሬ የሌለበት አልጫ ሠርታላቸው ነበር፤ በማንኪያ ቀስ እያሉ በሉ። አባቴ የጋራዡን ነገር በተሰባበረ ዙሉው አነሳላቸው። ጎጎ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፈቱና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

ይሄኔ ነው እናቴ የተነሳችው። ጸጥታው አስፈርቷት ይሁን ልታስደስታቸው ብላ እንጃ። መጽሐፉን አመጣች፤ የበሬ ሠረገላው ያለበትን ገጽ ራሷ ገለጠችው።

"አንብቢላቸው። ያገራቸውን ታሪክ እየተማርሽ እንደሆነ ይወቁ።"

ድምፄን ሞርጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ማንበብ እወድ ነበር፤ እንግሊዝኛዬም ደህና ነበር። ሠረገላዎቹ ተራራውን ተሻገሩ ይላል። ፊት ለፊታቸው ባዶ አገር ተዘርግቶ አገኙ ይላል፤ ባለቤት የሌለው፣ እግዚአብሔር ለሚያለማው ያዘጋጀው። በዚያ የሚዞሩት እርስ በርስ የሚተላለቁ፣ ከብት ከመስረቅ በቀር ሥራ የማያውቁ ጎሳዎች ነበሩ ይላል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ምን እያነበብኩ እንደሆነ ገባኝ።

ቀና አልኩ። እናቴ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከንፈሯን ከከንፈሬ ጋር እያንቀሳቀሰች፣ ፊቷ በርቷል። ከዚያ ቃጠሎ ወዲህ እንደዚያ ስትደሰት አላየኋትም። ባቆም ለምን አቆምሽ ትለኛለች፤ ምን ብዬ ልመልስላት፣ ያውም በጎጎ ፊት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ላብ እያጠመቀኝ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩት። የጎጎ እጅ ቦርሳው ውስጥ እንደገባ ቀርቷል። እንባቸው የጉንጫቸውን ሽብሽብ ተከትሎ ወረደ።

"አየሽ፣ ልባቸውን ነካሽው" አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

ስጨርስ ጎጎ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ "ይሄንን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ምንታናሚ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "በአንቺ ዕድሜ። ክፍል ፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ። አሪፍ አንባቢ ነበርኩ።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "አንቺ ትበልጫለሽ።"

ወደ እናቴ ዞረው አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት፤ "ቬሪ ናይስ፣ ማማ" አሏት። እናቴ ይህቺን ሰማች። ያኔ እጃቸው ከቦርሳው ወጣ፤ የጋራዡን ቁልፍ ይዟል። ከቤታቸው ይዘውት ነበር የመጡት። እናቴ እልል ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

አባቴ ጎጎን ታክሲ አሳፍሮ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። እንግሊዝኛው ከእናቴ ብዙም አይሻልም፤ ግን ሲነበብ የጎጎን ፊት ሲያይ ነበር። መጽሐፉ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አጥር ተደግፎ ቆመ።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ በመጨረሻ። "ከፍርሃት ነው የመረጠችው። ይህን ካወቀች ሰው ፊት ቀና አትልም።"

አልነገርኳትም። ሱቁ እንደገና ተከፈተ፤ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀባነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴን ላግዝ ስሄድ ጎጎ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ እየሞቁ ይጠሩኛል። "ምንታናሚ፣ በዚህ ሳምንት ምን አነበብሽ?" ሁልጊዜ "ሒሳብ" እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ስኮን ይሰጡኛል። አሁን ሳስበው፣ እንድጠይቃቸው እየጠበቁ ነበር መሰለኝ። ያን ጊዜ ክፍል ፊት ቆማ ያነበበችው ልጅ ማታ ቤቷ ገብታ ለእናቷ ምን እንዳለቻት ጠይቄያቸው ቢሆን ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ስኮኔን እበላ ነበር። አንድ ክረምት ሳንባቸውን ታመው አረፉ። ቀብራቸው ላይ እናቴ ከልጆቻቸው እኩል ነበር ያለቀሰችው።

እናም ይኸው ካርቶኑ። አባቴም የለም፤ የተወልኝ አደራ ግን አለ። እናቴ መጽሐፉን ከሥር ፈልጋ አወጣችው። ዓይኗ ደክሟል፤ ገጹን ግን በመዳፏ አገኘችው። ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ፣ "ይሄ ጎጎን ያስለቀሰ መጽሐፍ ነው። እናትሽ ስታነብ ብታያት! እስቲ አንብቢልኝ" አለቻት። አደራውን ይዤ ዝም አልኩ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች።

ልጄ ማንበብ ጀመረች። ሠረገላዎቹ ተራራውን ተሻገሩ። ባዶውን አገር አገኙ። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ከእኔ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር።

"ምነው አቆመች?" አለች እናቴ።

"ደክሟት ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ልጄ መጽሐፉን ዘጋችው፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አልነቀለችም። እናቴ እጄን ፈልጋ ያዘችና በኩራት ዳበሰችኝ።

"አንቺ እኮ እስከ መጨረሻው ነው ያነበብሽላቸው።"