የባሕር ዛፉ ቁመትና የየኔታ ጥላ

ኢንጂነር ምሥራቅ ተወልዳ ያደገችው ቢቸና ነው፤ አሁን የሞጣን መንገድና ቦይ ስትለካ ትውላለች። ሒሳብን ያስወደዳት የአባቷ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ተልጧል፣ ገጾቹም የሻይ ቀለም ይዘዋል። አንዱ ገጽ ላይ አንድ ተማሪና የባንዲራ መስቀያ ጥላቸውን ጥለው ቆመዋል። የተማሪው ቁመትና ጥላ ከታወቀ፣ የእንጨቱ ጥላ የእንጨቱን ቁመት ይናገራል ይላል ከሥሩ። አባቷ በዚያ ገጽ እያሳበቡ በግቢው የቆመውን ሁሉ፣ የጎረቤት አንቴና ሳይቀር፣ አስለክተዋታል።

ገጹ ዘንድሮ ተፈለገ። ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ ምስጥ የበላው ትልቅ ባሕር ዛፍ ወደ ቤተ ልሔሙ አዘንብሏል። ቤተ ልሔሙ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ነው፤ ምእመናኑ ድንጋዩን በትከሻቸው ተሸክመው ሠርተው ገና አሁን መክደናቸው ነው። ቆራጩ ሽታሁን ወጥቶ ከጫፉ እንዳይጀምር ግንዱ አያስተማምንም። ከሥሩ ቢገነድሰው ደግሞ የሚወድቀው ወዳዘነበለበት ነው። እንግዲህ ለመለካት ለተጠራችው ለምሥራቅ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ዛፉ ሲወድቅ ቤተ ልሔሙ ድረስ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

ከዛፉ እስከ ግድግዳው ሃያ ዘጠኝ ሜትር ነው። የመሥሪያ ቤቱ የከፍታ መለኪያ ግን ለሥራ ግንደወይን ሄዷል። ምሥራቅ ይህን ስትናገር የደብሩ መምህር የኔታ አካለ ወልድ ፈገግ አሉ። በወጣትነታቸው የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ እንደነበር አጫወቷትና ሜዳው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙላት። ጥላቸው ሁለት ሜትር ከሃያ ሁለት ሆነ። ቁመታቸውን ስትጠይቃቸው፣ ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ አንድ ሜትር ከሰባ እንደተባሉ ነገሯት። የዛፉ ጥላ ሠላሳ ስድስት ሜትር ነው። አባዝታ አካፈለች፤ ቁመቱ ሃያ ሰባት ሜትር ተኩል ግድም መጣላት። አይደርስም ማለት ነው። ሽታሁን መጥረቢያውን አነሣ።

በዚህ መሐል ነፋስ መጣና የየኔታን ጥምጥም አላላው። ሊያስተካክሉት ሲያወልቁት ምሥራቅ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ጥላቸው እመር ብሎ አጠረ።

«ሽታሁን፣ ቆይ እስቲ» አለች። «የኔታ፣ ጤና ጣቢያ ሲለኩዎት ጥምጥምዎን አድርገው ነበር?»

«የለም ልጄ፣ አውልቁ ብለውኝ አወለቅሁ እንጂ።»

ሜትሯን ዘርግታ ከነጥምጥማቸው ለካቻቸው። አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት። እንደገና ስታሰላው ዛፉ ልክ ሠላሳ ሜትር ሆነ። ጫፉ አዲሱን ክዳን ሊያገኘው ነበር።

«የኔታ፣ በጥምጥምዎ ቤተ ልሔሙን ሊያፈርሱት ነበር እኮ» አለ ሽታሁን።

እሳቸውም ጥፋቱን ለጤና ጣቢያው ሊሰጡት ሞከሩ፤ እሷ ግን ነፋሱ ነው ያተረፈን ብላ ሳቀች። ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ታውቃለች፤ ያልለካችውን ቁጥር ተቀብላለች። ከዚያ ሽታሁን ርብራብ እንዲሠራና ከሥሩ ሳይሆን ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቆርጥ ነገረችው። የሚወድቀው ሃያ ሰባት ሜትር ብቻ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ዛፉ እየተንቋቋ ወደቀ። አቧራው ሳይበርድ የኔታ ከዛፉ ጫፍ እስከ ግድግዳው እግር በእግር እያስከተሉ ሄዱ።

«ስምንት እግር ይተርፋል» አሉ ዞር ብለው። «ጫማዬን አውልቄ ነው የቆጠርሁት ልጄ፤ ኋላ እንዳትጠይቂኝ።»