ጋሽ ታደለ የተኙበት ወለል

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን ነው፤ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት እያልን በምንጠራበት ጊዜ። አሁን ልጆቼ ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ሲነጫነጩ ስሰማ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። እኔ ሙቀትን በገዛ እጄ ቤቴ ያስገባሁ ሴት ነኝ። ደግሞም አልጸጸትም!

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ያኔ የምኖረው የአሰብ መኪኖች ከሚያልፉበት አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ድሮ የአንድ ሀብታም ነበር። ከተወረሰ በኋላ ቀበሌው ከፋፍሎ ለስድስት ቤተሰብ አከራየው። ቧንቧችን አንድ፣ ቆጣሪያችንም አንድ ነው። የውሃ ሂሳብ ሲመጣ ለስድስት እንካፈላለን።

ሂሳቡን የሚሰበስቡት ጋሽ ታደለ ነበሩ፤ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን። ደግ ሰው ናቸው። ችግራቸው ግን ነገር ሳይጣራ በፊት ጨርሰው ማወቃቸው ነው።

የእኔ ቤት በግቢው ውስጥ አንድ ዝና ነበራት። ትቀዘቅዛለች። በሚያዝያ ቀትር፣ ቆርቆሮው ከሙቀት የተነሳ ቋ ቋ ሲል፣ እኔ ቤት የገባ ሰው እፎይ ይላል። ደንበኞቼ ልክ ከሰጡ በኋላ አይነሱም፤ ወሬ ይጀምራሉ። የግቢው ሴቶች ሹሩባ የሚሠራሩት እኔ ቤት ነው። ጋሽ ታደለ ደግሞ ምሳቸውን እንደበሉ ሬዲዮናቸውን ይዘው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ጋደም ይላሉ። «ይቺ ቤት የተባረከች ናት» ይሉኛል። እኔም ጉረኛ ነኝና «መስኮት አከፋፈት ስለማውቅበት ነው» እላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት የውሃው ሂሳብ ማሻቀብ ጀመረ። አንድ ወር ጨመረ፣ በሚቀጥለውም ጨመረ፣ ከዚያ እጥፍ ሆኖ አረፈው። የሰው ሁሉ ዓይን ጫልቱ ላይ ወደቀ።

ጫልቱ ከሁሩታ የመጣች ልብስ አጣቢ ናት። ባሏ ዘምቷል። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ትኖራለች። የሾፌሮች ማደሪያ ከሆነ አንድ ሆቴል አንሶላ እያመጣች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ሳፋዋ ሥር ተቀምጣ ታጥባለች።

አንድ እሁድ ጋሽ ታደለ ሁላችንንም ሰበሰቡንና «ከእንግዲህ ጫልቱ እዚህ ግቢ አታጥብም። ማጠብ ካማራት አዋሽ ትውረድ» አሉ።

ጫልቱ እጇ አረፋ እንደሆነ ቆማለች። «ጋሽ ታደለ፣ አንሶላው እኮ ያው የአምናው ነው። አንድ አልጨመረም። እኔ ምን ጨመርኩ?» አለች።

አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔ ደግሞ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ደሜ ይፈላል።

«ልክ ናት! አንሶላው ካልጨመረ ውሃው የት ገባ?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበቃ የሆንሽው?» አሉኝ ጋሽ ታደለ።

«ከአሁን ወዲህ! ይልቅ ቧንቧውን እንዝጋና ቆጣሪውን እንየው።»

ቧንቧውን ጥርቅም አድርገን ዘጋን። አንድ ጠብታ አይወርድም። ሁላችንም በር ላይ ወዳለው ቆጣሪ ሄደን አጎነበስን። ትንሿ ቀስት ቀስ እያለች ትዞራለች። «ይኸውላችሁ! አሁን ማን ነው የሚያጥበው?» አልኩ።

ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ቆጣሪው አርጅቶ ነው» አሉ። ወይ ጉድ! እኔም እልህ ያዘኝ። «ቧንቧ ሠራተኛ ይምጣ። የሚያፈስበት ከተገኘ ሁላችን እንከፍላለን። ካልተገኘ የሰውየውን ዋጋ ብቻዬን እችላለሁ» አልኳቸው።

«እሺ። ካልተገኘ ግን ጫልቱ ሳፋዋን ታነሳለች» አሉ።

ጫልቱ ዞራ አየችኝ። ሳፋዋ ተነሳ ማለት የሁለት ልጆች እራት ተነሳ ማለት ነው። «አይዞሽ» አልኳት፤ በምን እንደተማመንኩ ግን እንጃ።

በማግስቱ ከሞጆ ሰው አስመጣን፤ ዲጅኖውን ተሸክሞ የመጣ ሳቂታ ሰውዬ። ከቆጣሪው ጀምሮ በአጥሩ ጥግ ጥግ እስከ ቧንቧው ድረስ ቆፈረ። አፈሩ እንደ ዱቄት ደረቅ ነው። እርጥብ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ታደለ ከኋላው ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጫልቱ ያን ቀን አላጠበችም። ሳፋዋን ደፍታ፣ ደጃፏ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ዋለች።

ቀትር ሲሆን ሰውየው ላቡን እየጠረገ ውሃ ለመነኝ። ቤት አስገብቼ ሰጠሁት። ጋሽ ታደለም እንደ ልማዳቸው ሬዲዮናቸውን ይዘው ገቡና ወለሉ ላይ ጋደም አሉ።

«ኧረ እህቴ፣ ይሄ ቤት ምን አለው? ውጪው እሳት፣ እዚህ ደብረ ብርሃን!» አለኝ ሰውየው።

«የተባረከ ቤት ነው። በተለይ ወለሉ! እስቲ ጀርባህን አሳርፍበት፣ ድካምህ ሁሉ ይወጣልሃል» አሉት ጋሽ ታደለ።

እኔ ሳቅኩ። ሳቁን ግን አልጨረስኩትም። ወለሉ!

የወደቀ መርፌ የማነሳ መስዬ ጎንበስ አልኩና መዳፌን ሲሚንቶው ላይ አሳረፍኩ። በረዶ ነው። ብድግ ብዬ ወጣሁና ጫልቱ ቤት ገብቼ የእሷን ወለል ነካሁ። ይሞቃል። አንድ ዓይነት ሲሚንቶ፣ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ፣ አንድ ግቢ።

ስመለስ ሰውየው ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። «እህቴ፣ የሚያፈስ ነገር የለም» አለኝ። ጋሽ ታደለ አንገታቸውን ቀና አድርገው «እንግዲህ ወይንሸት፣ የተባባልነው...» ብለው ጀመሩ።

እውነቱን ልናገር፤ ነገሩን ልደብቀው ቃጣኝ። የፋሲካ ልብስ ተቆልሎብኛል። የወለሉን ሊሾ ያስደረግኩት በራሴ ገንዘብ ነው። ደንበኛ የሚበዛልኝም በእጄ ብቻ ሳይሆን በቅዝቃዜው ጭምር እንደሆነ አውቃለሁ። ከእኔ በቀር ነገሩ የገባው ሰው የለም። በመስኮቱ ግን የተደፋው የጫልቱ ሳፋ ይታየኛል። ስፌት መኪናዬን ገፍቼ ግድግዳ አስጠጋሁት።

«ጋሽ ታደለ፣ ይነሱ።»

«ለምን?»

«የተኙት ውሃው ላይ ነው።»

እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ እኔ ወደ ሰውየው ዞሬ «እዚህ ጋ ቆፍር!» አልኩት።

«አንቺ፣ የቀበሌ ቤት እኮ ነው!» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ለቀበሌው እኔ እነግራለሁ። ቆፍር!»

ዲጅኖው ሊሾዬን ሰነጣጠቀው። ሲሚንቶው ሲነሳ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ወጣ። ትንሽ ዝቅ ሲል ደግሞ የዛገ ቧንቧ ተገኘ፤ ከመሃሉ ውሃው ሽው እያለ ይወጣል። ለካ የእኔ ክፍል በሀብታሙ ጊዜ ገላ መታጠቢያ ኖሯል። ቤቱ ሲከፋፈል የቧንቧውን ቅርንጫፍ ሳይቆርጡ ሲሚንቶ ለብጠውበት ኖሮ፣ ዝጎ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ ቆይቶ በዚያ ዓመት ጭራሹን ተበሳ።

የግቢው ሰው ሁሉ ግር ብሎ ገባ። ጫልቱ መጨረሻ መጣችና ደፍ ላይ ቆመች። ጭቃውን አይታ «ያ ረቢ!» አለች፤ ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ?

ሰውየው ቅርንጫፉን ቆርጦ ደፈነው። ሄደን ቆጣሪውን አየን፤ ቀስቷ ቀጥ ብላ ቆማለች።

አሁን የክፍያው ነገር መጣ። ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ የፈነዳው አንቺ ቤት ስለሆነ...» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም።

«ጋሽ ታደለ፣ ማን ተኛበት?» አልኳቸው። «ማን ሬዲዮ ሰማበት? እናንተስ፣ ሹሩባ ስትሠሩ የምትውሉት የት ነው? ሁላችሁም ተንፈላሳችሁበታል፣ ሁላችሁም ትከፍላላችሁ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ታደለ እስኪያስላቸው ሳቁና ኪሳቸው የገቡት መጀመሪያ እሳቸው ሆኑ። ሌላውም አዋጣ። ጫልቱ የነጠላዋን ቋጠሮ መፍታት ስትጀምር ግን ጋሽ ታደለ እጃቸውን አነሱ።

«አንቺ ተይው። እዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳ አርፈሽ አታውቂም» አሏት።

እውነት ነበር። ሁላችን በዚያ ውሃ ስንቀዘቅዝ፣ ፀሐይ ላይ የዋለችው እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ታደለ ይቅርታ አላሏትም፤ በዚያ ዘመን በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው አጣቢን ይቅርታ አይልም። ግን ወጥተው የተደፋውን ሳፋ በገዛ እጃቸው አነሱና ቧንቧው ሥር አስቀመጡላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱ። ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ እንደ ማንም ቤት ሆነ። ያቃጥላል! ደንበኛ ልክ ሰጥቶ ውልቅ ይላል። ጋሽ ታደለም ሬዲዮናቸውን ይዘው ብቅ ይሉና ሙቀቱ ሲመታቸው ይመለሳሉ። እኔ ብቻዬን ላቤን እየጠረግኩ እሰፋለሁ። ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ብዬ ላቤን መሬት ላይ ሳንጠባጥብ፣ በልቤ «ምን ጥልቅ አደረገኝ?» ያልኩበት ቀንም አለ።

አንድ ቀትር እየሰፋሁ ሳለ ክፍሉ ድንገት ጨለም አለብኝ። ቀና ስል መስኮቴ ላይ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። ጫልቱ የልብስ ገመዷን ከጓሮ ፈትታ እኔ መስኮትና በር ፊት ለፊት ወጥራዋለች። ውሃው የሚንጠባጠብ አንሶላ ደርድራበታለች። ነፋሱ በእርጥቡ አንሶላ መሃል እያለፈ ሲገባ፣ ጀርባዬ ላይ የነበረው ላብ ቀዘቀዘ።

«ጫልቱ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ ያሰጣሽው?» አልኳት።

«እትዬ፣ እዚህ ቶሎ ይደርቃል» አለችኝ።

የእኔ መስኮት በጥላው በኩል ነው። ከግቢው ሁሉ ልብስ ለመድረቅ የሚዘገየው እዚያ ነው፤ አጣቢ ደግሞ ይህን አታጣውም። ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀቱ በበረታ ቁጥር አንሶላው ይመጣል። ደንበኞቼ ተመለሱ። ጋሽ ታደለም ተመለሱ፤ ይቺ ቤት የተባረከች ናት ማለታቸውንም ቀጠሉ።

አሁን ልጆቼ ቬንትሌተር ገዝተውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። የጫልቱን አንሶላ ግን አያክልም። ነገሩ ዛሬ ቢደገም ያንኑ ወለል ዓይኔን ሳላሽ አስቆፍረዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አንሶላ የሚያኮራኝ ነገር ጥቂት ነው። ባሏ በሰላም ተመልሶ ወደ ሁሩታ ይዟት እስኪሄድ ድረስ ለምን እዚያ እንደምታሰጣ በየጊዜው እጠይቃት ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አላመነችልኝም። ስንለያይ እንኳ አንገቴን አቅፋ፣ «እትዬ ይሙቱ፣ እዚያ ቶሎ ይደርቃል» አለችኝ።