ባዶ ቦታውን በቃሉ የያዘው

«ጋሼ፣ አንድ ዐይነ ስውር ይመጣ ይሆናል ብለን ነገ የሚከፈተውን ሥራ እናዘግይ ነው የሚሉኝ?»

ሄኖክ ይህን ሲለኝ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ለምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የአንባቢዎች መመዝገቢያ ገጽ የሚሠራልን ወጣት ባለሙያ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ትንሽም ይንቀናል። ገጹ ላይ የሚጫኑትን በተኖች ሁሉ በሥዕል ብቻ አድርጎ ስም ሳይሰጣቸው ቀርቷል። ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም ሲደርስባቸው «በተን፣ በተን፣ በተን» ይላል እንጂ የትኛው ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ስም ለመስጠት አንድ ቀን ይበቃዋል። ክርክሩን ትቼ የይርዳውን ነገር አነሣሁበት።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እተይብ ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ራሴን በራሴ ገጣሚ ብዬ ሾሜ፣ በማመልከቻ መሐል ስንኝ እየቋጠርሁ አሠሪዬን አስመርር ነበር። ይርዳው የጉንደ ወይን ሰው ነው። በሕፃንነቱ ኩፍኝ ዐይኑን ወስዶበታል። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊትን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያዘ፤ በኋላ አስኳላ ገባ፤ ኮሌጅ ሲደርስ ደግሞ ኮምፒውተር ካላጠናሁ ብሎ አስቸገረ። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች አይናገሩለትምና ስክሪን የሚያነብለትን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ እኛ ዘንድ ይመጣል። ከጆሮ ማዳመጫው ፈጣን፣ በአፍንጫው የሚናገር የሚመስል የእንግሊዝኛ ድምፅ ያመልጣል። እኔ አንድ ቃል ሳልለይ እሱ ገጹን ጨርሶ ብቻውን ይስቃል። ምን ያስቅሃል ስለው የገዛ ስሕተቱን ይነግረኛል።

ሰኔ ነው። አርብ ጠዋት ለመመረቂያ የጻፈውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመምህራኑ ማሳየት አለበት። ካልሠራለት ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል እንዲዛወር ነግረውታል፤ ለእሱ ማዘናቸው ነበር። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁሉን ሞክሮ፣ ሠርቶለት፣ ኮምፒውተሩን ጠብቅልኝ ብሎ የተቀቀለ ድንች ሊገዛልን ወጣ።

ዐይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። አንዱ መስመር ከዳር ይጀምራል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የሚቀጥለው ይብሱን ገብቷል። ማየት ስለማይችል የተዛባበት መሰለኝ። ነገ እንዳይስቁበት ብዬ፣ ስንኞቼን እንደማሰልፈው መስመሩን ሁሉ ከዳር አሰለፍሁለት። አምሮ ታየኝ። አስቀምጬ ዘጋሁት።

ይርዳው በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ እንፋሎቱ ያልበረደ ድንች ከነአዋዜው ይዞ ገባ። አንዴ ደግሜ ልየው ብሎ ቢከፍተው ፕሮግራሙ እንቢ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ እንቢ። መስመር በመስመር አስነበበው፤ ቃሉ ሁሉ በቦታው ነው። ፕሮግራሙን የጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ግን የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሆነ የሚለየው ከመስመሩ በፊት ባለው ባዶ ቦታ ነው፤ የሚያነብለት ድምፅ ደግሞ ባዶ ቦታ አይናገርም። ግንባሩን አላበው። ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ ራሱን መውቀስ ጀመረ። የያዝሁትን ድንች አስቀመጥሁ።

«እኔ ነኝ። መስመሩን አስተካከልሁልህ» አልሁት።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ተቀመጥ፣ ባለቅኔው። ከእንግዲህ እጅህን እንጂ ዐይንህን አልፈልገውም።»

ከዚያ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በቃሉ ያወርደው ጀመር። ከየመስመሩ በፊት ቁጥር ይጠራል፦ አራት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ሁለት፣ አራት። እኔ በቁጥሩ ልክ ባዶ ቦታ እመታለሁ። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ማሽኑ ያልነገረውን ባዶ ቦታ ሁሉ፣ ልክ እንደ ዳዊቱ፣ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ዝናቡ ሲያባራ ጨረስን። ነካው፤ ሠራ። ድንቹን ቀዝቅዞ በላነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ድንች የለም። አርብ አለፈ፤ ተመረቀም። ለዐይን ሳሰልፍ የኖርሁት እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥሜን ሳልጽፈው በፊት በአፌ እለዋለሁ።

ሄኖክ አፉን ከፍቶ ሰማኝና ወዲያው ፈገግ አለ። «ይኸው እንግዲህ! ጎበዝ ከሆነ ምንም ሳይሟላለት ይሠራል ማለት ነው።»

ለካ ወሬውን እዚያው ላይ እያቆምሁ ነው ዕድሜዬን ያወራሁት። ይርዳው ዛሬ አዲስ አበባ ፕሮግራም እየጻፈ ይኖራል። የሚያነብለት ድምፅ አሁን ባዶ ቦታውን ቆጥሮ እንደሚነግረው በስልክ ሲያጫውተኝ፣ ያ ችሎታህ ሊጠፋብህ ነው ብዬ ቀልጄበት ነበር። «እሰይ፣ አረፍሁ። በቃሌ የምይዘው ዳዊቴን ብቻ ሆነ» አለኝ። ስንት ዓመት ጉብዝናውን ሳደንቅ ድካሙን አላየሁለትም ነበር። ለሄኖክ ይህንኑ ነገርሁት።

ሄኖክ ስክሪን የሚያነበውን ፕሮግራም ከፍቶ የላፕቶፑን ስክሪን አጨለመና አንዲቱን ቁልፍ ደጋግሞ መታ። «በተን» አለ ድምፁ። «በተን። በተን።» አራተኛው ላይ እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ የጆሮ ማዳመጫዎን ያውሱኝ። ለአለቃም ከነገ ወዲያ ነው የሚከፈተው ይበሉልኝ» አለና ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።