የዳለቻ እንገር

ሰሞኑን በልጄ ቤት ጓሮ አንዲት ጥጃ ጣቴን ይዛ ጠባችኝ። ያ ሻካራ ምላስ፣ ያ ሞቃት ትንፋሽ! ወዲያው ከወረታ በታች፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ወደነበረው ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

ክረምት ነበር። ውኃው ሜዳውን ሞልቶ ደጃችን ደርሷል። ዳለቻ የምንላት ላማችን ስታምጥ፣ እኔ ደስታና ፍርሃት ተደባልቆብኝ አንዴ ወደ ቤት አንዴ ወደ በረት እሮጣለሁ። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ጥጆች ሳይሰነብቱ ሞተውባታል። ላም ደግሞ ጥጃዋ ከሌለ ወተቷን ትከለክላለች። አባቴ፣ "ይኸኛውም ከሞተ ወረታ ገበያ ወስጄ እሸጣታለሁ" ብሎ ምሏል። ዳለቻን ከሚሸጥ እኔን ቢድረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥጃዋ ዱብ አለች፤ ግን አልተነሣችም። አባቴ አፍንጫዋን ጠርጎ እፍ አለባት፤ እናቴ በደረቅ ጭድ አሸቻት። አያቴ ጨው ፈጭታ ጀርባዋ ላይ ነሰነሰች፤ ዳለቻም ጨዉን ብላ ልጇን ትልስ ጀመር።

ይኼኔ አባቴ ማለቢያውን ይዞ ተጠጋ። በእኛ ዘንድ ላም ስትወልድ የመጀመሪያው ወፍራም ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ሞቆ ለቤተሰብና ለጎረቤት ይታደላል። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ጥርስ የሌላት አያቴ ነበረች። ዳለቻ ካረገዘች ጀምሮ መደቧ ላይ ተቀምጣ ወሬዋ እሱው ነበር። አሁን ግን እሷው የአባቴን እጅ ያዘች።

"ተው፣ ሚካኤልን! እነዚያን የገደልናቸው እኛ ነን፤ እንገራቸውን ጠጥተንባቸው።"

"ጎረቤት ምን ይለናል፣ እማ? እርስዎስ ቢሆኑ?"

"እኔን ይታዘቡኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠጥቻለሁ፤ ይች ገና አልቀመሰችም።"

ወደ እኔ ዞራም፣ "አንች! ጣትሽን አምጭ" አለችኝ።

አባቴ ጥቂት አለበልኝ፤ ጣቴን እንገሩ ውስጥ ነክሬ ጥጃዋ አፍ ውስጥ ከተትሁ። መጀመሪያ ዝም አለች። ኋላ ጠባች! አባቴ አቅፎ አቆማት፤ ተንገዳግዳ ጡቱን ያዘች፤ ጭራዋ መወዛወዝ ሲጀምር ጭቃው ላይ እየዘለልሁ ጮኽሁ። እናቴ እልል አለች። ጎረቤቶች ባዶ ዋንጫቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ሲመለሱ አያቴ ከኋላቸው ትስቃለች። እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጥጃዋ ክረምቱን አለፈች፤ ዳለቻም አልተሸጠች። ደግማ በወለደች ጊዜ አዲሱ ጥጃ ጠብቶ እስኪጠግብ ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ እናቴ የተረፈውን እንገር አሙቃ በዋንጫ ቀዳችና፣ "እንኩ፣ እማ" ብላ ወደ መደቡ ዞረች።

አያቴን ቁሐር ሚካኤል ከቀበርናት ከርሞ ነበር። እናቴ ዋንጫውን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች።