ሰዒድን ልመዝን ወደ ቆቦ

ወልድያ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ ረዳቱ ግን "አንድ ሰው ብቻ" እያለ ግማሽ ሰዓት ገተረን። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም። ቦርሳዬ ውስጥ የፈተና ቅጽ አለ፦ የሳይበር ደህንነት ባለሙያዎች በየትኛውም አገር በአንድ መስፈርት እንዲመዘኑ ብዙ አገሮች አብረው እያዘጋጁት ያለ። ቅጹን በተፈታኞች ላይ ከሚሞክሩት አንዱ ነኝ። ቆቦ ያለው ሰዒድ ካለፈ፣ አንድ የውጭ ድርጅት ከተማውን ሳይለቅ ሊቀጥረው ቃል ገብቶለታል። ካላለፈ ሥራው የለም።

ጎብዬ፣ 1 ሰዓት ተኩል

ገበያ ነው። ግመል፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ሽንኩርት፣ አቧራ። ሻይና ቦምቦሊኖ አርባ ብር። ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ ሾፌሩ "ምን ያቁነጠንጥሃል ወንድሜ? ቆቦ እንደሆነች አትሸሽም" አለኝ።

ቆቦ፣ 3 ሰዓት

ሰዒድ ኮምፒውተር የሚጠግንበት ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተራቸው ሲጠለፍ የሚጠሩት እሱን ነው። ጥያቄዎቹን እንደ ውሃ ጠጣቸው። የመጨረሻው ቀረ፦ ራስህ ያከሸፍከውን አንድ ጥቃት ከነመሥሪያ ቤቱ፣ ከነአድራጊው ግለጽ።

"እሱን አልችልም" አለ።

"ለምን?"

"ሰብሮ የገባው የእኛው ሰው ነበር። አበጋር ተቀመጡበት፤ ካሰ፣ ታረቀ። ዳግመኛ ላናነሳው ሁላችንም ማልን።"

አበጋር የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ፊት የተማለ መሐላ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። እኔ ግን ተናደድኩ። "ስም ቀይረህ ጻፍና ገላግለኝ" አልኩት።

"እሱማ ውሸት ነው።"

"እንግዲያው ያስማሉህ ሰው ይፍቱህ፤ ተነስ።"

ዋጃ፣ 6 ሰዓት

በባጃጅ ሄድን፤ ግራ ቀኙ ማሽላ፣ ፊት የሚገርፍ ትኩስ ነፋስ። አበጋሩ ሸህ ይመር ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ቢነግርህ ምን ታደርገዋለህ ልጄ?"

"ጽፌ ፈተናውን ለሚያዘጋጀው ኮሚቴ እልከዋለሁ።"

"ኮሚቴው የት ነው?"

"በየአገሩ።"

ሳቁ። "ያጠፋው ሰው እኮ እዚሁ ልጆች ያሳድጋል። ወላሂ መሐላውን አልፈታም።"

ቆቦ፣ 9 ሰዓት

ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ጥያቄ ባዶ ከሆነ ተፈታኙ ወድቋል። ዜሮ ጻፍኩ። አፈርኩም።

ሰዒድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። "ቅጹ ምስጢር መጠበቅ የሚልም ነጥብ ነበረው" አለ። "እሱ ላይ ስንት ሰጡኝ?"

"ሙሉ።"

ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ለኮሚቴው "የጎደለው ቅጻችን እንጂ ሰውየው አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። መልስ እስኪመጣ ግን ሰዒድ ወድቋል፤ የጣልኩትም እኔ ነኝ።