በዕጣ ያልወጣችው የደጀን ሱቅ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ስንወጣ

የሱሉልታ ሜዳ በጭጋግ ተሸፍኗል። ፒካፓችን በደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ እኔም በእንቅልፍና በንቃት መሃል ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለቀ ሪፖርት አለ።

የእርሻ መሣሪያ የሚሸጠው ድርጅታችን ለሻጮቹ የዕቃ አጠቃቀምን ለገዢ የማሳየት ስልጠና ሰጥቶ ነበር። ስልጠናው ለንግዱ የፈየደውን እንድለካ የታዘዝኩት የስታቲስቲክስ ባለሙያ እኔ ነኝ። ከጥቂት ሱቆቻችን ግማሾቹ በዕጣ ሰለጠኑ፤ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ ቆዩ። ከዓመት በኋላ ተበላሽቶ የሚመለሰውን ዕቃ ሳነጻጽር ልዩነቱ ኢምንት ሆነ። ያልሰለጠነችው የደጀን ሱቅ ከሰለጠኑት እኩል ተሻሽላለች። ስለዚህ ሪፖርቴ «ስልጠናው ለውጥ አላመጣም» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ከፈረመበት ስልጠናው ይቀራል። የቀረኝ ቁጥሮቹን ከሱቆቹ መዝገብ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው።

3 ሰዓት ተኩል፣ ደጀን

የዓባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ ደመናው ከእግራችን በታች ቀረ። ጆሮዬ ተደፍኗል። ሾፌሩ ጋሽ ታደለ «ጎጃም ገባን» ሲለኝ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ከባድ መኪኖች በተደረደሩበት ምግብ ቤት ትኩስ ፍርፍር በልተን ወደ ሱቁ አመራን።

ሻጯ ወይዘሮ ዘይነባ ለአንድ አዛውንት የፀረ ተባይ መርጫ እየሸጠች ነው። ፈታታ አሳየቻቸውና «አሁን ደግሞ እርስዎ ያሳዩኝ፣ አባባ» አለቻቸው። ክው አልኩ። ይህ እኮ ከስልጠናው የተወሰደ ነው!

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የደብረ ማርቆሷ ሻጭ፣ የሻረግ ናት። እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እየመጣች።»

7 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

መንገዱ በቢጫ የኑግ አበባ መሃል ያልፋል። ጮቄ በስተቀኝ ሰማያዊ ጥላ ሆኖ አብሮን ይጓዛል።

የሻረግ ረጋ ያለች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት አልካደችም።

«ያልሰለጠኑትን ሱቆች እንዳናስተምር ተነግሮናል» አለች። «ግን አንድ ገበሬ ከደጀን የገዛው መርጫ ፈንድቶበት ፊቱ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቶ አየሁት። ዕጣ የወጣው ለእኛ ለሻጮቹ ነው፤ እሱን ማን ጠየቀው?» «ከሥራ ልባረር ነው?» አለችኝ።

ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

11 ሰዓት፣ አማኑኤል

አማኑኤል ያልሰለጠነ ሱቅ ነው፤ የሻረግም አልደረሰችበትም። በመዝገቡ ላይ የሚመለሰው ዕቃ እንደ ድሮው ነው። በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ደጀንን አውጥቼ እንደገና አሰላሁ። ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ወዲያው ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ።

«ሪፖርቱን እንዳይፈርሙ። ስልጠናው ካሰብነው በላይ ርቆ ሄዷል፤ የደብረ ማርቆሷ ሻጭ ደጀንን አስተምራለች።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በጥቂት ሱቆች እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን አልሠራም ብለን ልንዘጋው አንችልም። ያስተማረችውም ሴት ልትመሰገን እንጂ ልትቀጣ አይገባም።»

«እሺ፤ ስልጠናው ይቀጥል፣ እሷም ትቆይ። አንተ ግን አንድ ዓመት ጨምረህ ለካ። አማኑኤል ለማነጻጸሪያ ሳይሰለጥን ይጠብቅ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የአመሻሹ ፀሐይ መንገዱን በወርቅ ቀለም ነክሮታል። አንድ ገበሬ ከሱቁ ወጣ፤ ትከሻው ላይ ያልተከፈተ የመርጫ ካርቶን ተሸክሟል። ሻጩ አንድም ቃል ሳይነግረው ነው የሸጠለት። ሰውየው በዚያ ብርሃን ውስጥ እየራቀ ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ እየራቁ የሚሄዱት ሰዎች ታዩኝ።

ተነስቼ ሮጥኩ።

«ወንድሜ! ቆይ፣ አንድ ጊዜ ተመለስ!»

ካርቶኑን በረንዳው ላይ አስቀምጠን ከፈትነው፤ መርጫውን እንደ ዘይነባ እፈታታለት ጀመር። ሻጩ ግራ ተጋብቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንተም ቅረብ» አልኩት፤ ቦታ ለቀቅኩለት።